ከፍሎ ማየት

«ሳፋሪ» የሚለው ቃል በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ከማለት የተለየ ትርጉም የለውም። ከዐረብኛ የተወረሰ ነው። ዘመዱን ሊቀብር ከአሩሻ ወደ ዶዶማ በአውቶቡስ የሚሄድ ገበሬም፣ ጨርቅ ሊያመጣ ወደ ሞምባሳ የሚወርድ ነጋዴም እኩል ሳፋሪ ላይ ናቸው፤ የሚሸኛቸውም ሰው «ሳፋሪ ንጄማ» ብሎ መልካም መንገድ ይመኝላቸዋል። ቃሉ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ሲሻገር ግን ጠበበ። ሰው ወደ ሰው የሚሄድበት መንገድ መሆኑ ቀርቶ፣ ሰው አራዊትን ሊገድል፣ በኋላም ሊያይ የሚሄድበት መንገድ ብቻ ሆነ። ቴዎዶር ሩዝቬልት የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነታቸውን በ1909 እንዳስረከቡ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዘምተው፣ እሳቸውና ልጃቸው ብቻ ከ500 በላይ ትላልቅ አራዊት ጥለዋል። ዛሬ የጠመንጃውን ቦታ ካሜራ ወስዶታል፤ ይህም ተመስገን የሚያሰኝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆኖም ጠመንጃው በካሜራ በተተካ ጊዜ አንድ ጥያቄም አብሮ የተዘጋ መሰለን። የገደለ ይጠየቃል፤ የወሰደም ይጠየቃል፤ ያየ ግን ምን አጎደለ ተብሎ ይጠየቃል? ዓይን ካረፈበት ነገር ላይ ቅንጣት አይቀንስም። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ ምንም ሳይነካ የሚመለስ ሰው ከእንግዶች ሁሉ ንጹሑ ይመስላል። እኔ በበኩሌ ይህን ንጽሕና እንዲህ በቀላሉ መቀበል ይቸግረኛል። የሚታየው ነገር ለሚያየው ዓይን ሲባል የተሰናዳ እንደሆነ፣ ለመሰናዳቱም ከቤቱ የወጣ ሰው እንዳለ፣ ተመልካቹ በከፈለው ገንዘብ ምን መብት ገዛ? ጥያቄውን በሰሜን ታንዛንያ፣ በንጎሮንጎሮ ባሳለፍሁት የመጀመሪያ የሳፋሪ ቀን ውስጥ ይዤው ልሂድ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከአንበሳ ቁጥር በቀር ብዙም አልጨመሩልኝም።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ደግሞ ፍራንክፈርት ተራ ከተማ አይደለችም። ከ1945 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል የከተማይቱን የአራዊት ማሳያ የመራው በርንሃርድ ግርዚሜክ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በጀርመን ቴሌቪዥን በሚያቀርበው ፕሮግራም ከጎኑ አንድ ሕያው እንስሳ አስቀምጦ፣ ለአንድ ትውልድ ሙሉ ስለ አፍሪካ የተረከ ሰው ነው። እሱና ልጁ ሚኻኤል በ1958 የሜዳ አህያ መስመር በተቀባች ትንሽ አውሮፕላን እየበረሩ የሴሬንጌቲን አራዊት ከአየር ቆጠሩ። በጥር 1959 አውሮፕላኗ ከጥንብ አንሣ ጋር ተጋጭታ ሚኻኤል ሞተ፤ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር። «ሴሬንጌቲ መሞት የለበትም» የሚለው ፊልማቸው በ1960 የኦስካር ሽልማት አገኘ። በዕድሜ የገፋ ጀርመናዊ ስለ አፍሪካ ሲያጫውተኝ፣ የጨዋታውን ጫፍ ይዤ ወደ ኋላ ብጎትተው ብዙ ጊዜ የማገኘው ያችን ባለ መስመር አውሮፕላን ነው። በአንድ መኪና አብረውኝ የነበሩት ጡረተኛ ባልና ሚስትም ያን ፕሮግራም እያዩ ያደጉ ነበሩ፤ ለዚህ ጉዞ ዓመታት አጠራቅመዋል። ቅን ሰዎች ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ስለ እነሱ የምለው በክፉ እንዳይተረጎም ነው።

ከአሩሻ የተነሣነው ጎሕ ሳይቀድ ነበር። ሾፌራችን፣ አስጎብኚያችንም እሱው ነው፣ ማምሻውን ከጥብቁ ክልል መውጣት ያለብንን ሰዓት ሲነግረን «ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ» አለ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ስለሆነ፣ ጀርመኖቹ ግራ ተጋብተው ሲያሰሉ እኔ ወዲያው ገባኝ። ያች ትንሽ መግባባት ቤተኛ አደረገችኝ። ቤተኛነቴ ግን የዘለቀው እስከ ሎዱዋሬ በር ድረስ ብቻ ነው። በዚያ የመግቢያ ዋጋ ሰው በሦስት ይከፈላል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ሀገሮች ዜጎች በሽልንግ ጥቂት ይከፍላሉ፤ በሀገሩ የሚኖሩ የውጭ ሰዎች የራሳቸው ዋጋ አላቸው፤ የቀረው ዓለም በዶላር ብዙ ይከፍላል። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም፤ የያዝሁትም ፓስፖርት ጀርመን የሰጠችኝ ነው። ጸሐፊው ፊቴን አየ፤ ፓስፖርቱን አየ፤ እንደገና ፊቴን አየ፤ ከዚያም ከጀርመኖቹ ጋር ደመረኝ። ትክክል ነበር። ከፍሎ የሚያይ ሰው ከየትም ይምጣ ከየት ገዢ ነው፤ የቆዳ ቀለም ከገዢነት አያወጣም። ብዙዎቻችን በዚያች አህጉር ስንዘዋወር ይህን የምንዘነጋው ይመስለኛል፤ ጥቁር መሆናችን ከተጠያቂነት ነጻ የሚያወጣን ይለፍ ይመስለናል።

ከበሩ በኋላ መንገዱ በደንና በጉም ውስጥ ይወጣል። ድንገት ደኑ ይከፈትና ምድር ከእግር ሥር ትጠፋለች። ንጎሮንጎሮ ከብዙ ዘመን በፊት ወደ ውስጥ የተደረመሰ እሳተ ገሞራ ነው፤ ወለሉ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከአፋፉ እስከ ወለሉ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከታች የጨው ሐይቁ ፀሐይ ላይ እንደ ተሰጣ ነጠላ ያበራል፤ ጥቋቁር ነጥቦች በሣሩ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ ጎሾች መሆናቸውን የሚያውቀው መነጽር የያዘ ብቻ ነው። ጀርመናዊቷ አለቀሰች። የእኔንም ጉሮሮ አንዳች ነገር ያዘው። ይህን የምጽፈው ውበቱ ሐሰት ነው የምል እንዳይመስል ነው፤ ውበቱ ሐሰት አይደለም። ባልየው ካሜራውን ዓይኑ ላይ እንደ ደገነ ቆየ። ቀይ ኩታ የለበሰ እረኛ ከብቶቹን እየነዳ በአፋፉ ጥግ ያልፍ ነበርና፣ ከምስሉ ውስጥ እስኪወጣለት ይጠብቃል። እረኛው አልፎ ሄደ፤ የመጨረሻዋም ላም ሄደች፤ ያኔ አነሣ። በዚያው አፋፍ፣ በመንገዱ ዳር፣ የድንጋይ ሐውልት አለ። ሚኻኤል ግርዚሜክ የተቀበረው እዚያ ነው፤ አባቱም በ1987 ካረፈ በኋላ አመዱ ከልጁ ጎን ተቀምጧል።

ያ እረኛ ከምስል እንዲወጣ ሲጠበቅ የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። አባት ግርዚሜክ አንድ ብሔራዊ ፓርክ ሰው ያልገባበት የጥንት ተፈጥሮ ሆኖ መጠበቅ እንዳለበት፣ የሀገሬው ተወላጅ እንኳ በውስጡ መኖር እንደማይገባው በግልጽ ጽፏል። ሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ የተባለው በ1951 ነው። በ1959 የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ መንግሥት ማሳዮችን ከሴሬንጌቲ ሜዳ አስወጥቶ፣ በምትኩ ንጎሮንጎሮን ከአራዊቱ ጋር አብረው የሚኖሩበት ልዩ ክልል አደረገላቸው። የሰውና የአራዊት ጥቅም ቢጋጭ የሰው ጥቅም እንደሚቀድም አገረ ገዢው ራሱ ለማሳይ መሪዎች በዚያው ዓመት ቃል ገብቶላቸው ነበር። በ1974 ከገደሉ ወለል ላይ ከነመንደራቸው ተነሡ። በ1975 ማረስ ተከለከለ። በ2022 ደግሞ የታንዛንያ መንግሥት ከንጎሮንጎሮ ጭምር እያነሣ፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት በታንጋ ክፍለ ሀገር ወደምትገኝ ምሶሜራ ወደምትባል መንደር ማዛወር ጀመረ። ቃል ሲገባላቸው ከነበረው ስፍራ ማለት ነው። መንግሥት ዝውውሩ በፈቃደኝነት ነው ይላል። የመብት ተሟጋቾች ደግሞ የጤናና የትምህርት አገልግሎት እየተዳከመ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ፈቃድ አይባልም ይላሉ። በነሐሴ 2024 ብዙ ሺህ ማሳዮች የቱሪስት መኪኖች የሚያልፉበትን መንገድ ዘግተው ተቃውሟቸውን አሰምተዋል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ማሳዮች ለተፈጥሮ እንግዳ ናቸው ተብለው ሴሬንጌቲን በለቀቁበት በዚያው በ1959፣ በሐምሌ ወር፣ ሜሪ ሊኪ በኦልዱቫይ ሸለቆ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የሰው ዘመድ ራስ ቅል አገኘች። ኦልዱቫይ ከንጎሮንጎሮ ወደ ሴሬንጌቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በሌቶሊ የተገኙት፣ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው የእግር ዱካዎችም የዚያው ክልል ናቸው። በምድር ላይ ሰው ያልኖረበት የሚባል ስፍራ ቢፈለግ ከዚያ የባሰ ምርጫ የሚገኝ አይመስለኝም።

ታዲያ ያ ሜዳ ባዶ ነበር የሚለው እምነት ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነገሩ የእኛን የኢትዮጵያውያንን ደጃፍ ያንኳኳል። በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ያስገቧቸው ከብቶች አንድ በሽታ ይዘው ገቡ። በሀገራችን ስሙ «ደስታ» ነው። አባቶቻችን ይህን መዓት በዚህ ስም መጥራታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ክፉውን በስሙ ላለመጥራት ነው የሚሉ አሉ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ያ «ክፉ ቀን» ብለን የምንጠራው ረኃብ ሆነ። ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ተጽፏል። የእኛ ታሪክ ትረካውን እዚህ ላይ ያቆማል፤ ክፉው ቀን አለፈ፣ ዐድዋ መጣ እንላለን። በሽታው ግን አላቆመም። ወደ ደቡብ ወረደ። በ1890 እና በ1891 የማሳይን ከብት ፈጀ፤ ጎሹን፣ የዱር አጋዘኑን ፈጀ፤ ከዚያም እስከ አህጉሩ ደቡባዊ ጫፍ ዘለቀ። ከብት የሌለው ማሳይ ማለት በሬ እንደሌለው የጎንደር ገበሬ ነው። ኦስካር ባውማን የተባለው ኦስትሪያዊ መንገደኛ በመጋቢት 1892 ወደ ንጎሮንጎሮ ሲደርስ ያገኘው አጥንታቸው የገጠጠ፣ በረኃብ የሚሞቱ ማሳዮችን ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት አውሮፓውያን ያዩት ጸጥ ያለ፣ ሰው የሳሳበት ሜዳ ነው፤ የጥንት ተፈጥሮ መሰላቸው። ያዩት ግን የክፉ ቀንን ማግሥት ነው። አንድ ሰው ጎንደር ገጠር በ1884 ዓ.ም. ገብቶ ቤቱ ሁሉ ወና ሆኖ ቢያይና «ይህ ምድር ከፍጥረቱ ሰው የሌለበት ነው» ብሎ አጥር ቢያጥር እንደማለት ነው። ይህን ሳስብ የሚሰማኝ ቁጭት ብቻ አይደለም፤ ከማሳዩ ጋር ሳላውቀው የኖርሁት ዝምድናም ጭምር ነው። የእኛ ቅድመ አያቶችና የእነሱ ቅድመ አያቶች በአንድ መቅሠፍት፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ አንድ ሞት ሞተዋል።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይገርማል። ዛሬ ዓለም የሚጎርፍለት ታላቅ የአራዊት ፍልሰት፣ ስዋሂሊዎች ኙምቡ የሚሉት ባለ ጢም የሜዳ አውሬ ከሚሊዮን በላይ ሆኖ የሚተምበት፣ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኙምቡ ቁጥር ከሁለት መቶ ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ደስታ በየጊዜው ግልገሉን ይፈጀው ነበርና። ቁጥሩ በሃያ ዓመት ውስጥ ከሚሊዮን ያለፈው በዙሪያው ያሉ የአርብቶ አደሮች ከብቶች በመከተባቸው ነው። ለማሳይ ላም የተወጋው መርፌ አውሬውን አዳነው። በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በ2011 በይፋ ታውጇል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ እረኛውና ላሞቹ ከምስሉ እስኪወጡ የሚጠብቀው ደግ ሰው፣ ሊያነሣው የመጣው ትዕይንት ከእነዚያ ላሞች ጋር በምን እንደተሳሰረ የነገረው የለም። በዚያች የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ላም ተቀምጣ አታውቅም።

ወደ ወለሉ ስንወርድ ረፋድ ነበር። የካቲት ወር ኙምቡ የምትወልድበት ነው፤ ሣሩ አረንጓዴ፣ ግልገሉ ገና እግሩን ያላጠና። ጎሽ፣ የሜዳ አህያ፣ ሰጎን፣ ጅብ አየን፤ የእነዚህን ዝርዝር ለቱሪስት መጽሐፎች እተወዋለሁ። ከቀትር በኋላ ግን ሬዲዮው ተንጫጫና መኪኖች ከየአቅጣጫው ወደ አንድ ቦታ አቧራ እያስነሡ ገሰገሱ፤ አሥራ ዘጠኝ ቆጠርሁ። አንዲት ሴት አንበሳ ሣር ውስጥ ተኝታለች። መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ አንዲት ኙምቡ ከግልገሏ ጋር ትግጣለች። በመካከላቸው ግልጥ ሜዳ ነው፤ አንበሳዪቱ ብትነሣ ትታያለች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ሾፌራችን ሞተሩን አጥፍቷል፤ ትንፋሻችን ይሰማል።

ከዚያ አንበሳዪቱ ተነሣችና በሆዷ እየተሳበች ወደ እኛ መጣች። ጀርመናዊቷ እጄን ጨመቀችው። አንበሳዪቱ ግን እኛን አላየችንም፤ መኪናችንን ነው ያየችው። ከኙምቡዋ ዓይን በላንድ ክሩዘራችን ጎማ ተከለለች፤ በጥላው ውስጥ አለፈች፤ ከፊት ለፊት ወደ ቆመው ሁለተኛ መኪና ተሻገረች፤ ከእሱም ወደ ሦስተኛው። ግልገሉ ከሦስተኛው መኪና ሠላሳ እርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር። ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚሰማው የካሜራ ጠቅታ ብቻ ነበር፤ እናቲቱ ትንሽ ሮጣ ቆመች፣ ዞረች፣ አየች።

ሴትዮዋ ሾፌሩን «ልንንቀሳቀስ አንችልም ነበር?» አለችው። «በተፈጥሮ ጣልቃ መግባት ክልክል ነው» አላት። ሁለቱም በቅንነት ነው የተናገሩት፤ እኔም በዚያች ሰዓት የምጨምረው አልነበረኝም። ነገር ግን ዓይን ቅንጣት አያጎድልም የሚለውን ፍልስፍና ያች አንበሳ በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ አፈረሰችው። እኛ አሥራ ዘጠኝ ብረት ግድግዳዎች ሆነን በሜዳው ላይ ቆመን ነበር። ጣልቃ አንገባም ያልነው ጣልቃ ገብተን ከቆምን በኋላ ነው። አንበሳዪቱ ትበላ ዘንድ ይገባታል፤ ክሴ በእሷ ላይ አይደለም፤ ግልገሉም ያን ዕለት ባይበላ በማግሥቱ ሊበላ ይችል ነበር። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ተመልካች የሌለ ሰው አይደለም፤ ቦታ ይይዛል፤ በያዘው ቦታም አንዱን ከልሎ ሌላውን ያጋልጣል።

በእኛ ባህል አንበሳ የገደለ ጀግና ግዳይ ጣለ ተብሎ ይፎከርለት፣ ጎፈር ይለብስ ነበር። ያን ሥርዓት አልናፍቅም፤ የአራዊታችን ማለቅ አንዱ ምክንያት እሱም ነው። ሆኖም አንድ ነገር ነበረው፤ ገዳዩ ገደልሁ ይላል። ጎፈሩን ለብሶ በአደባባይ ይቆማል፤ ማን አደረገው ተብሎ አይፈለግም። እኛ ከመኪና ውስጥ የነበርነው ሰዎች ግን ያን ማታ ለዘመዶቻችን ምስሉን ስንልክ፣ በምስሉ ውስጥ መኪናችን የለም።

ይህን ያነበበ ሰው ፓርኮቹ ይፍረሱ የምል ቢመስለው ተሳስቷል። ጠባቂ የሌለው አውሬ ምን እንደሚሆን በዚያው ሀገር ታይቷል። በገደሉ ወለል ላይ በ1960ዎቹ ከመቶ በላይ የነበሩት ጥቁር አውራሪሶች በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሃያ በታች ወርደው ነበር። ታንዛንያ ውስጥ በ2009 የተቆጠሩት 109 ሺህ ያህል ዝሆኖች በ2014 ሲቆጠሩ 43 ሺህ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የጨረሳቸው የዝሆን ጥርስ ንግድ ነው። የማሳዩም ቁጥር እንደ ድሮው አይደለም፤ በንጎሮንጎሮ በ1959 ስምንት ሺህ ያህል የነበረው ሕዝብ ዝውውሩ ሲጀመር መቶ ሺህ ተጠግቶ ነበር፤ ግጦሹ አይበቃም የሚለው መንግሥት ከመሬት ተነሥቶ አይደለም የሚናገረው። የቱሪስት ዶላርም ትምህርት ቤትና መንገድ ይሠራል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ሒሳቡ በሚዘጋበት ጊዜ ሁልጊዜ የሚቀነሰው አንድ ወገን መሆኑን ነው። መቶ ሺህ ሰው በዛ ሲባል፣ በዓመት ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚገባው እንግዳ በዛ ወይ ብሎ መጀመሪያ የሚጠይቅ የለም። አንዱ ይኖራል፣ ሌላው ያያል፤ የሚያየው ከፋይ ስለሆነ የሚኖረው እንደ እንግዳ ይቆጠራል።

ሩቅ ሀገር ሄጄ በሰው ላይ ለመፍረድ ብቻ እንዳልመስል፣ በስሜን ያለውን ልጥቀስ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለው የሰውና የከብት ብዛት እንዲቀንስ ነበር። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች፣ ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ያን ጊዜ እዚህ አውሮፓ ውስጥ በየማኅበራችን ደስታችንን እንደተለዋወጥን አስታውሳለሁ፤ ዋልያው ዳነ፣ የሀገር ስም ተጠራ። ደስታው ተገቢ ነው። ግጭ የሚለውን ስም ግን በዚያ ደስታ መካከል ስንት ሰው እንዳነሣው ብጠየቅ፣ በሰማሁበት ሁሉ አንድም አልነበረም እላለሁ። ገብስ የሚያመርት፣ ከደጋው ብርድ ጋር ትውልድ ያስቆጠረ ገበሬ ከተማ ገብቶ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ለዝርዝሩ አይመጥንም።

በስደት የምንኖር ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ እይታ ከሌላው ይልቅ የተጋለጥን ይመስለኛል። ሀገርን ከሩቅ የሚወድ ሰው የሚወደው ትቶት የሄደውን ምስል ነው። መንደራችን የቆርቆሮ ጣራ ሲያለብስ ይከፋናል፤ ጎጆው ቀረ እንላለን፤ በጎጆው ጢስ ዓይኗ የጠፋውን ሴት ሳንጠይቅ። ገንዘብ እንልካለን፤ በላክነውም ገንዘብ ምስሉ እንዳይለወጥ የምናዝ ይመስለናል። የማሳይ ወጣት ስልክ ይዞ ሲታይ «ኧረ ይህ እውነተኛው አይደለም» ብሎ ካሜራውን የሚያወርደው ቱሪስትና እኛ በአንድ መኪና የተሳፈርን ነን።

ከወለሉ ስንወጣ ቀኑ መሽቶ አልነበረምና አስጎብኚው በአፋፉ አቅጣጫ ካለ አንድ ቦማ አደረሰን። ቦማ በእሾህ አጥር የተከበበ የማሳዮች መንደር ነው። ለመግባት ይከፈላል። ወጣቶቹ ዘለሉ፣ ሴቶቹ ዘፈኑ፣ ዶቃ ተሸጠ፤ ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም፤ እንጀራ ነው። ጀርመኖቹ ዶቃ ሲመርጡ እኔ ከአጥሩ ጥግ፣ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ተቀመጥሁ፤ አስጎብኚው አስተረጎመልኝ።

አንዱ ሽማግሌ ከየት እንደሆንሁ ጠየቁኝ፤ ከኢትዮጵያ አልሁ። «አባትህ ስንት ከብት ነበረው?»

«ሁለት በሬና አንዲት ላም።»

ዝም አሉ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አዘኑልኝ። አባቴ በወገራ ጥማድ በሬ ያለው ሙሉ ገበሬ፣ ለጎረቤት የሚተርፍ ሰው እንደነበረ ላስረዳቸው ሞከርሁ። በሬዎቹ ያርሱበት ነበር ስል ነገሩን አባባስሁት፤ መሬት መቆፈር ድሮም ማሳይ የሚጸየፈው ሥራ ነው፤ ከብትን ለዚያ ማዋል ደግሞ ጭራሽ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«አሁንስ እዚያ ነው የምትኖረው?»

«አይደለም። ከሀገሬ ከወጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የምኖረው ከእነዚህ ሰዎች ሀገር ነው» ብዬ ወደ ጀርመኖቹ አመለከትሁ።

«ወደህ ነው የወጣኸው ወይስ አስወጥተውህ?»

መልሱን አንድ ጊዜ እንኳ በአጭሩ ተናግሬው አላውቅም። «በር ላይ ቆሞ ውጣ ያለኝ የለም፤ እንድቀመጥ የሚያደርገኝንም ነገር አልተዉልኝም» አልሁ። አስጎብኚው ተረጎመው። ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው በማሳይኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ በመካከሉ ሁለት የስዋሂሊ ቃላት ሰማሁ፣ «ኳ ሂያሪ» የሚሉ። ሁሉም ሳቁ። አስጎብኚው አልሳቀም። «ኳ ሂያሪ በፈቃድ ማለት ነው፤ መንግሥት ስለ ምሶሜራ ሲናገር የሚጠቀምበት ቃል ነው። አንተም በፈቃድህ ነው የሄድኸው እያሉህ ነው» አለኝ።

«ተመልሰህስ ታውቃለህ?» አሉ ሽማግሌው።

«ሦስት ጊዜ። ለማየት።»

«ለማየት» የሚለው ሲተረጎምላቸው ወደ ካሜራዎቹ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ። «ለማየት ስትገባ አንተም ትከፍላለህ?»

«እከፍላለሁ፤ ለቪዛ።»

«ሺሊንጊ ንጋፒ?» አሉ፤ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። የከፈልሁት በዶላር ነበርና በጣቶቼ ወደ ሽልንግ መመንዘር ጀመርሁ፤ እሳቸውም ጣቶቼን እያዩ ጠበቁኝ። ጀርመኖቹ ዶቃቸውን ይዘው መኪናው ውስጥ ገብተዋል። አስጎብኚው ሞተሩን አስነሣ፤ በሩ ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶት ነበር።